ትምህርት ዐሥራ ሁለት፦ ቢጫው አበባና ነጩ አረም

(የጊዜና የምክንያት ጥገኛ ሐረጎች፤ ገላጭ ድርሰት)

ባለፈው ትምህርት ጥገኛ ሐረግ ማለት ብቻውን ሊቆም የማይችል፣ ትርጉሙን ለማሟላት ወደ ዋናው ሐረግ የሚጠጋ የቃላት ስብስብ መሆኑን ተምረናል። አሁን ደግሞ ጊዜን የሚያመለክቱትንና ምክንያትን የሚያመለክቱትን ጥገኛ ሐረጎች ለይተን እንመለከታለን። ልዩነታቸው ቀላል ይመስላል። «ስ-» ጊዜን፣ «ስለ-» ምክንያትን ያሳያል ብሎ በቃል መያዝ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ነገር ግን ብዙ ሰው ድርሰት ሲጽፍ፣ አቤቱታ ሲያቀርብ ወይም ወሬ ሲያወራ አንዱን በሌላው ስፍራ እያስገባ ያልበደለውን ሰው በዳይ ያደርጋል። ከዚህ በታች በቀረበው ምንባብ ውስጥ እንዲህ ያለ የሐሰት ክስ የደረሰበት ሰው ሳይሆን አበባ ነው።

ምንባቡን መጀመሪያ በለሆሳስ አንብቡ። ከዚያም አንድ ተማሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብላችሁ፣ «ስ-» እና «ስለ-» ያሉባቸውን ግሦች በደብተራችሁ ጻፉ።

ምንባብ

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ የደጋውና የወይና ደጋው መስክ ወርቅ የፈሰሰበት ይመስላል። አደይ አበባ በየማሳው ዳር፣ በየገደሉ አፋፍና በየመንገዱ ጠርዝ ይፈካል። በእንቁጣጣሽ ዕለት ልጆች አበባውን ከለምለም ሣር ጋር አስረው ለዘመድ አዝማድ ያበረክቱታል፤ የመስቀል ደመራም በእርሱ ያጌጣል። ድሬዳዋ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቦታ፣ በተራሮች ግርጌ የተመሠረተች ሞቃት ከተማ ስለሆነች ሜዳዋ ለአደይ አይስማማውም። የድሬዳዋ ልጅ አደይን በበቀለበት ለማየት ቢሻ ጠመዝማዛውን የደንገጎን መንገድ ይዞ ወደ ደጋው መውጣት ይኖርበታል።

አደይ አበባ የዕፀዋት ተመራማሪዎች ቢደንስ ከሚሉት ወገን ነው። ይህ ወገን የሚመደብበት ቤተሰብ ከ20,000 በላይ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን ኑግ፣ ሱፍ፣ ሰላጣ፣ ግራዋ፣ አሪቲና ኮሸሽላ ሁሉ ከዚሁ ቤት የወጡ ናቸው። መለያ ምልክታቸውም እንደሚከተለው ነው። አንድ አበባ መስሎ የሚታየን ነገር በእውነቱ የብዙ ደቃቅ አበቦች ጉባኤ ነው። አንድ አደይ ቀጥፋችሁ ብትመለከቱ በዙሪያው የተዘረጉት ቢጫ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው፤ በመካከል ያለውም ክብ ትንንሽ አበቦች ተጠጋግተው የተቀመጡበት ነው። ንብ አንድ ጊዜ አርፋ ከብዙ አበባ የምትቀስመው በዚህ ምክንያት ነው። በደጋው አገር ዋናው የማር ቆረጣ በጥቅምትና በኅዳር የሚሆነውም ንቦቹ በመስከረም አደይን፣ መጭንና ኑግን ቀስመው ቀፎውን ስለሚሞሉት ነው።

በሰሜን አሜሪካም የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነ ጎልደንሮድ የሚባል የዱር አበባ አለ፤ ትርጓሜው የወርቅ በትር ማለት ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሶሊዳጎ ሲሆን፣ «ማዳን፣ መጠገን» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል የወጣ ነው፤ የጥንት ሰዎች ቁስል ያክሙበት ነበርና። ከ100 በላይ ዝርያዎች ሲኖሩት የሚበዙት የሰሜን አሜሪካ ተወላጆች ናቸው። እንደ አደይ ሁሉ እርሱም ሜዳውን በወርቅ ቀለም ይሸፍናል፤ የሚያብብበትም ወቅት ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። በዚያ ወቅት ሌሎቹ አበቦች እየረገፉ ስለሚሄዱ ንቦች ለብርዱ ወራት የሚሆናቸውን ስንቅ በብዛት የሚሰበስቡት ከእርሱ ነው። ወደ ሜክሲኮ የሚሰደደው ሞናርክ የተባለው ቢራቢሮም በጉዞው ላይ እያረፈ ይቀስመዋል። አንዲት ትንሽ ዝንብ ደግሞ እንቁላሏን በግንዱ ውስጥ ትጥላለች፤ ግንዱም አብጦ እንደ ኳስ ይድቦለቦላል። ትሏ የበረዶውን ወራት በዚያ እብጠት ውስጥ ተሸሽጋ ታሳልፋለች። ወፎች ግን ምሥጢሩን ያውቁታል፤ እብጠቱን በመንቁራቸው እየፈለፈሉ ትሏን ይበላሉ። ሰውም ቢሆን ከዚህ ተክል ያልፈለገው ነገር የለም፤ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ታላቁ የፈጠራ ሰው ቶማስ ኤዲሰን ከጎልደንሮድ ጎማ ለማውጣት ብዙ ደክሟል።

ይህን ሁሉ የሚመግበው አበባ ግን በአገሩ ስሙ ጠፍቷል። በየዓመቱ ጎልደንሮድ ሲያብብ ብዙ ሰዎች ያስነጥሳቸዋል፤ ዓይናቸው ይቀላል፤ አፍንጫቸው ይዘጋል። ሰዎቹም ወደ ሜዳው ይመለከቱና ጎልቶ የሚታያቸውን ቢጫ አበባ «አንተ ነህ» ይሉታል። እውነተኛው በዳይ ሌላ ነው። ራግዊድ የሚባለው አረም በዚያው ወራት፣ ብዙ ጊዜም በዚያው መስክ፣ ከጎልደንሮድ አጠገብ ያብባል። አበባው አረንጓዴና ደቃቅ ስለሆነ ዓይን አይስብም። ንብም አትሻውም፤ የአበባውን ዱቄት የሚያጓጉዝለት ነፋስ ነውና። ይህ ነፋስ የሚበትነው ዱቄት ወደ ሰው አፍንጫ ገብቶ አለርጂ ያስነሣል። የጎልደንሮድ ዱቄት በአንጻሩ ከባድና ተጣባቂ ስለሆነ በንብ እግር ተጣብቆ ይሄዳል እንጂ በነፋስ አይበተንም። ያማረው ተከሰሰ፤ መልከ ጥፉው ተረሳ።

አሁን ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። በዚህች ከተማ ዙሪያ፣ በመንገድና በሐዲድ ዳር፣ በደረቅ ወንዝ ዳርቻና በማሽላ ማሳ ውስጥ ነጫጭ ደቃቅ አበቦች ያሉት፣ ቅጠሉ እንደ ካሮት ቅጠል የተሸነታተረ አረም በብዛት ይታያል። ሳይንሳዊ ስሙ ፓርቴኒየም ነው። በአንዳንድ ስፍራ ቅንጨ አረም ይሉታል። የምሥራቅ ሐረርጌና የድሬዳዋ ገበሬዎች ግን በኦሮምኛ ፋራምሲሳ ብለው ሰይመውታል። ይህም አረም የአደይና የጎልደንሮድ ቤተሰብ ነው፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚቀርበው ግን ለራግዊድ ነው። እንደ ዘመዱም ሰውን ያስነጥሳል፤ ቆዳን ያሳክካል፤ አስም ያለበትን ሰው ያስጨንቃል። ከብት ከሌላ መኖ ጋር ቀላቅሎ ከበላው ወተቱ ይመራል። ከሥሩና ከቅጠሉ የሚወጣው መርዝ በአጠገቡ ያሉ ተክሎችን ዘር እንዳይበቅል ያግዳል። ከበቀለ ከአንድ ወር ከግማሽ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ማበብ ይችላል፤ አንድ ተክል ብቻውን ከ10,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት አረሙ ሳይነቀል በቀረበት የማሽላ ማሳ የምርቱ ቅናሽ እንደ ቦታውና እንደ ዓመቱ ከመቶ 40 እስከ 97 ደርሷል።

የፋራምሲሳ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው። በሕንድ አገር በ1950ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በፑና ከተማ ታይቶ ከዚያ በኋላ አገሩን አዳርሷል። ወደ ኢትዮጵያ ስለ መግባቱ ሁለት አባባሎች አሉ። አንደኛው በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ጊዜ በጦር ተሽከርካሪዎች ጎማ ተጣብቆ ገባ ይላል። ሁለተኛው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ለድርቅ ተጎጂዎች በመጣው የእርዳታ ስንዴ ውስጥ ተደባልቆ ገባ ይላል፤ አረሙ በመጀመሪያ ከታየባቸው ቦታዎች መካከል የእርዳታ እህል የሚታደልባቸው ሥፍራዎች ይገኙባቸዋልና። በ1980 ዓ.ም. ገደማ በድሬዳዋና በሐረርጌ መኖሩ በተመራማሪዎች ጽሑፍ ላይ ሰፍሯል። በ2000ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ ቅጠሉን የምትበላ ጥንዚዛና ግንዱን የሚቦረቡር ነቀዝ ተመጥተው በአምቦ በተዘጋጀ ዝግ ቤት ተመረመሩ። ጥያቄው «ይህች ጥንዚዛ ፋራምሲሳን ትበላለች ወይ?» የሚል ብቻ አልነበረም። «ኑግንስ ትተውልን ይሆን?» የሚልም ነበር፤ ኑግ የአረሙ ዘመድ ነውና። ነፍሳቱ ወደ መስክ የተለቀቁት ይህ ከተጣራ በኋላ ነው።

የምንባቡ ማብራሪያ

ተለሆሳስ ወደ ሰዋስው እንለፍ። የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

ጎልደንሮድ ሲያብብ ሰዎቹን አስነጠሳቸው።
ጎልደንሮድ ስላበበ ሰዎቹን አስነጠሳቸው።

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «ሲያብብ» የሚለው ቃል ሁለቱ ነገሮች በአንድ ወቅት መሆናቸውን ብቻ ይናገራል። ተናጋሪው የዓይን ምስክር ነው፤ ያየውን ተናገረ፤ አልዋሸም። በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ግን «ስላበበ» ሲል ዳኛ ሆነ፤ ፈረደም። ከምስክርነት ወደ ፍርድ ያሻገረችው አንዲት «ለ» ናት። ለዚህ ፍርድ ምን ማስረጃ አለው? ዱቄቱ በነፋስ መሄዱን አይቷልን? በዚያው ወራት የሚያብብ ሌላ ተክል አለመኖሩን መርምሯልን? አልመረመረም። ስለዚህ የሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ሰዋስው ትክክል ሲሆን ነገሩ ስሕተት ነው። ሰዋስው ያማረለት ውሸት ከሁሉ ይልቅ እንደሚታመን ልብ በሉ።

«ስ-» የሚገባው በትንቢት አንቀጽ ላይ ነው፤ እንደ ባለቤቱም ይለዋወጣል፦ ስመጣ፣ ስትመጣ፣ ሲመጣ፣ ስንመጣ። «ስለ-» በኃላፊ አንቀጽ ላይ በቀጥታ ይገባል፦ ስለመጣ፣ ስላበበ። በትንቢት አንቀጽ ላይ ሲገባ ግን «የም-» ን ያስከትላል፦ ስለሚመጣ፣ ስለሚያብብ። ምክንያትን ከሚያሳዩት መካከል በግሡ መጨረሻ የምትጨመረው «-ና» ም ትገኛለች፦ «ንብም አትሻውም፤ የአበባውን ዱቄት የሚያጓጉዝለት ነፋስ ነውና።» ይህች «-ና» ስምን ከስም ከምታጣምረው «-ና» («አደይና ጎልደንሮድ») ጋር እንዳትምታታባችሁ። እንዲሁም «ከ- በኋላ» ጊዜን ብቻ የሚያመለክት መሆኑን አስተውሉ። «ከጦርነቱ በኋላ ታየ» ማለት «ጦርነቱ አመጣው» ማለት አይደለም። ከላይ ያነበባችኋቸው ሁለት አባባሎች ግን በጊዜ መከታተል ላይ ብቻ የቆሙ አይደሉም፤ አንዱ የተሽከርካሪን ጎማ፣ ሁለተኛው የስንዴን ጆንያ የዘሩ ማጓጓዣ አድርገው ያቀርባሉ። በምክንያት የሚናገር ሰው እንዲህ መንገዱን ማሳየት አለበት።

ከሁሉ ይልቅ የሚያዘናጋው ቦዝ አንቀጽ ነው። «ዝናብ ዘንቦ ፋራምሲሳው በቀለ» ብንል «ዘንቦ» ጊዜ ነው ወይስ ምክንያት? ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። በዚህ ምሳሌ ጉዳት የለውም፤ ዝናብ በእርግጥ ያበቅላልና። «እንግዳው ገብቶ ገንዘቡ ጠፋ» ብንል ግን ሰሚው እንግዳውን በሌብነት ይጠረጥራል፤ ተናጋሪውም ሲጠየቅ «እኔ ጊዜውን ብቻ ነው የተናገርሁት» ብሎ ያመልጣል። በአስተማሪነት ዘመኔ የተማሪዎችን ደብተር ሳርም ከሆሄ ግድፈት ይልቅ ብዙ ቀይ ቀለም የፈጀብኝ እንዲህ ያለው ቦዝ አንቀጽ ነው።

ስለ አንድ ስም

ፋራምሲሳ የሚለው ስም የተሰጠው በዕፀዋት ሊቃውንት አይደለም። ትርጉሙ የሚያስፈርም ማለት ነው፤ ሐሳቡም «መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ» የሚል ነው። ይህ አረም በማሳው የገባበት ገበሬ በገዛ ፊርማው ርስቱን ለአረሙ እንዳስረከበ ይቈጠራል። በኦሮምኛ ቃሉ መጨረሻ አካባቢ ያለው «-ሲስ-» የአስደራጊነት ምልክት ነው፤ በአማርኛ ይህን የሚሠራልን በግሡ መጀመሪያ ላይ የሚገባው «አስ-» ነው። ከዚህ ቀደም የተማራችኋቸውን አዕማደ ግሥ በዚሁ ቃል ከልሱ፦

አድራጊ፦ ፈረመ። ተደራጊ፦ ተፈረመ። አስደራጊ፦ አስፈረመ። ተደራራጊ፦ ተፈራረመ። አደራራጊ፦ አፈራረመ።

ገበሬው አረሙን «ፈራሚ» አላለውም፤ ፈራሚው ራሱ ነውና። «አስፈራሚ» አለው። ማን እንደሚያደርግና ማን እንደሚያስደርግ በአንድ ቃል ለይቶ አስቀመጠ። ምክንያትን ከጊዜ ለመለየት ስንደክም በዋልንበት ትምህርት ውስጥ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ድርሰት

ገላጭ ድርሰት የአንድን ነገር ምንነት፣ አሠራርና ግንኙነት የሚያብራራ ነው። ሥዕላዊ ድርሰት ነገሩ ለዓይን፣ ለጆሮና ለአፍንጫ እንዴት እንደሆነ ሲያሳይ፣ ገላጭ ድርሰት ለምን እንደዚያ እንደሆነ ይናገራል። ሆኖም ያለ ጥሩ ሥዕል ጥሩ ገለጻ አይገኝም። አበባን «ውብ፣ ማራኪ፣ አስደሳች» በሚሉ ቅጽሎች ብቻ የገለጸ ተማሪ ምንም አልገለጸም፤ አደይም፣ ጎልደንሮድም፣ ፋራምሲሳም ለአንዱ ወይም ለሌላው ሰው ውብ ነውና።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። በድሬዳዋ ሳስተምር አንድ ቀን ጠዋት ወደ ክፍል ስገባ ከጠረጴዛዬ ላይ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ የተቀመጠ የነጫጭ አበባ እቅፍ አገኘሁ። ደስ አለኝ፤ አመሰገንሁ፤ እንዲያውም በዚያ ሰዓት ስለ አበባው ውበት ድርሰት እንዲጽፉ አዘዝሁ። ከከተማው ወጣ ካለ የገጠር መንደር የሚመላለስ አንድ ዝምተኛ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አባቴ ይህን ሲነቅል ነው የሚውለው። በእጅዎ ባይነኩት ይሻላል» አለኝ። አስቀድሜ ነክቼው ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ጣቶቼ መካከል ማሳከክ ጀመረ። (ሲነካኝ ነው ወይስ ስለነካኝ? ያን ጊዜ ሁለተኛውን መርጬ ነበር፤ ማስረጃዬ ግን ከጎልደንሮድ ከሳሾች ማስረጃ እምብዛም የተሻለ አልነበረም።) በዚያ ቀን ከቀረቡልኝ ድርሰቶች ውስጥ የዚያ ልጅ ድርሰት አንድም ጊዜ «ውብ» የሚል ቃል አልነበረበትም። የግንዱን ቁመት በአባቱ ጉልበትና ወገብ ለክቶ፣ የቅጠሉን ሽንትር፣ የወተቱን ምሬት፣ በነቀሉት ማግስት ከዝናብ በኋላ ተመልሶ መብቀሉን ጽፎ ነበር።

ስለ አንድ ተክል ስትጽፉ ሌላም ነገር እንዳትረሱ። ተክሉን ከሚኖርበት ስፍራ ነጥላችሁ «ጠቃሚ» ወይም «ጎጂ» አትበሉት። ጎልደንሮድ በትውልድ አገሩ የንብ መጋቢ ነው፤ የሚያብጠው ዝንብ፣ የሚቀስመው ቢራቢሮ፣ የሚበላው ነፍሳት ሁሉ ስላሉ ልኩን ያውቃል። በ1935 (እ.ኤ.አ.) ለአትክልት ስፍራ ጌጥ ተብሎ ወደ ቻይና የተወሰደው የካናዳ ጎልደንሮድ ግን የሚያግደው ስላላገኘ ከአጥር ወጥቶ የእርሻና የመንገድ ዳር አረም ሆኗል። ፋራምሲሳም በተወለደበት አገር ቅጠሉን የምትበላ ጥንዚዛና ግንዱን የሚቦረቡር ነቀዝ ነበሩበት፤ ወደ ድሬዳዋ ሲመጣ ግን ብቻውን መጣ። ይህን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር «ስለመጣ» በሚል ቃል ብትለውጡት ዋናው ሐረግ ምን መሆን እንዳለበት አስቡ።

መልመጃ

ሀ. በሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ያለው ጥገኛ ሐረግ ጊዜን ወይም ምክንያትን የሚያመለክት መሆኑን ለዩ። ለሁለቱም የሚያሻማ ካገኛችሁ አሻሚነቱን የሚያስወግድ አዲስ ዐረፍተ ነገር ጻፉ።

1. ንቦቹ ኑግን ስለቀሰሙ ቀፎው ሞላ።
2. ጎርፉ ሲመጣ የአረሙ ዘር ወደ ሜዳው ወረደ።
3. ላሟ ፋራምሲሳ በልታ ወተቷ መረረ።
4. አደይ ከፈካ በኋላ የማር ቆረጣ ደረሰ።
5. ገበሬው ማሳውን ትቶ ሄደ፤ አረሙ አሸንፎታልና።

ለ. «በላ»፣ «ነቀለ»፣ «ዘራ» የሚሉትን ግሦች በአምስቱ አዕማድ አርቡ። በአስደራጊው አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ፤ ማን እንዳደረገና ማን እንዳስደረገ በግልጽ ይታይ።

ሐ. በመንደራችሁ ያለ አንድ የዱር ተክል የአካባቢው ሰው የሚጠራበትን ስም ከአባት፣ ከእናት ወይም ከጎረቤት ሽማግሌ ጠይቁ። ስሙ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በሐረሪ ወይም በሌላ ቋንቋ ሊሆን ይችላል። የቃሉን ትርጉም፣ ለምን እንደተሰጠው፣ ተክሉን የሚበሉትን ወይም የሚቀስሙትን እንስሳት ጨምራችሁ ከሦስት አንቀጽ ያላነሰ ገላጭ ድርሰት ጻፉ። «ውብ» የሚለውን ቃል አትጠቀሙ። ድርሰቱን ከጨረሳችሁ በኋላ «ስለ-» ያለባቸውን ግሦች ሁሉ አስምሩባቸውና በእያንዳንዱ አጠገብ ማስረጃችሁን ከማን እንደሰማችሁ ወይም በዓይናችሁ እንዳያችሁ በአጭሩ አመልክቱ።